ናይስ ወይስ ኒስ?

ሊሴ ገብረማርያም የተማረ፣ ፈረንሳይኛ እንደ ውሃ የሚወርድለት ሐበሻ እንኳ የአሜሪካ ጋዜጣ ክሮስወርድ (በፍንጭ እየተመሩ በየሳጥኑ አንድ ፊደል የሚሞሉበት የቃላት ጨዋታ) ላይ ሲደርስ ይደናበራል። ፍንጩ «ናይስ ሰመር?» ይላል፤ ባዶው ሳጥን ሦስት ነው። ደስ የሚል በጋ ይፈልግ ጀመር። (ሰመር በጋ ነው ክረምት የሚለው ክርክር ይቆየን።) ለካ ነገሩ ናይስ ሳይሆን ኒስ ነው፣ የደቡብ ፈረንሳይዋ ከተማ! በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው አንድ ነው። መልሱ ሰመር በፈረንሳይኛ፣ «ኤቴ»፦ ኢ-ቲ-ኢ።

ተንኮሉ ያለው ትልቁ ፊደል ላይ ነው። ፍንጭ ሁሉ በትልቅ ፊደል ስለሚጀምር ከተማዋ እዚያ ትደበቃለች። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህ ክፋት በአማርኛ አይሠራም፤ እኛ ኅብረ ቃል የምንሰውረው በማጥበቅና በማላላት ነው። ደግነቱ የጥያቄ ምልክቷ ታሳብቃለች፦ እሷ ካለች ፍንጩ ቀልድ አለበት።

ፍንጩ ውስጥ ፒየር ወይም ሊዮን ካለ መልሱ ፈረንሳይኛ ነው። «የፒየር ጓደኛ» ሦስት ሳጥን ከሆነ «አሚ» ነው። አራት ከሆነ ግን አትቸኩሉ፤ ሴቷ በኢ፣ ብዙዎቹ በኤስ ያልቃሉ። የመጨረሻውን ሳጥን የሚሻገረው ቃል ይወስን። ፍንጩ ላይ አሕጽሮት ካለ መልሱም አሕጽሮት ነው፤ «ቅድስት» ባጭሩ ኤስ-ቲ-ኢ።

የፈረንሳይ ምግብና መጠጥ በመልሱ የሚደጋገመው የክሮስወርዱ ሠሪ ፈረንሳይን ስለወደደ አይደለም፣ አናባቢ ስለቸገረው ነው። ውሃ፣ «ኦ» (ኢ-ኤ-ዩ)፣ ሦስቱም ፊደሏ አናባቢ ነው። አዮሊ የሚሉት የነጭ ሽንኩርትና የዘይት ማባያ ደግሞ ከአምስቱ አራቱ። ጥጉ ሲጠብበት እነዚህን ይመዛል።

የሚያናድደው መጠጡ ነው። «ድራይ» (ያልጣፈጠ ወይን) ሦስት ሳጥን ከሆነ «ሴክ»፣ አራት ከሆነ «ብሩት»። ግን ሻምፓኝ ጠርሙስ ላይ «ሴክ» የተጻፈበት ጣፈጥ ያለው ነው፤ በሊትር ከ17 እስከ 32 ግራም ስኳር አለው፤ ብሩት ከ12 በታች ነው። ጠጪው ትክክል ነው፣ ሳጥኑ ግን ጠጪ አይሰማም።

«የፓሪስ ባቡር ጣቢያ» አራት ሳጥን ሲመጣ ለገሃር ታክሲ የጠበቀ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል፤ የሰፈሩ ስም ራሱ «ላ ጋር» ነው። በጆሮው የሚጽፍ ግን ጂ-ኤ-አር ብሎ አንድ ሳጥን ይተርፈዋል። የማትነበበዋን ኢ ረስቷታል።