ተመኑን የሚያወጣው ማነው?

ስለ ሠራተኛ ክፍያ የጻፉ አንድ ጸሐፊ «በቁርጥ መክፈል ፍትሐዊ ነው፤ የለፋ ያገኛል» ብለዋል። በቁርጥ መክፈል ማለት በሰዓት ሳይሆን በተሠራው ሥራ ብዛት መክፈል ነው። ላይ ላዩን ያሳምናል። የመርከብ ግንባታን ታሪክ ለሚያውቅ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

በዩናይትድ ኪንግደም የመርከብ ግንባታ ከተሞች፣ በግላስጎውና በቤልፋስት፣ ሪቬት (የመርከቡን የብረት ሰሌዳዎች የሚያያይዝ የብረት ችንካር) መቺዎች በቡድን ይሠሩ ነበር፤ ክፍያውም በመቱት ሪቬት ቁጥር ነው። አንድ ልጅ ሪቬቱን ምድጃ ላይ ያግላል፣ ሌላው ከወዲያ በኩል ደግፎ ይይዛል፣ ሁለቱ በመዶሻ እየተፈራረቁ ይቀጠቅጣሉ። ታይታኒክ ላይ ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሪቬት ተመቷል። እስቲ አስቡት፤ ሰፊው የመርከቡ ጎን ላይ ቆሞ መምታትና ጠባብ ጥግ ውስጥ ተንበርክኮ መምታት እኩል ይከፈለዋል? ጭቅጭቁ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ሳንቲም የለም። (ዝናቡን ያመጣው ሠራተኛው ይመስል!) ተቆጣጣሪው «ይሄ ላልቷል» ካለማ፣ ነቅሎ እንደገና መምታት በራስ ኪሳራ ነው።

በኋላ በአየር ግፊት የሚሠራው መዶሻ መጣ። ሥራው ፈጠነ። ወዲያው «ተመኑ ይቀነስ፣ አይቀነስ» የሚል ሌላ ንትርክ ተነሳ።

«የለፋ ያገኛል» ጥሩ ነው። ጸሐፊው ግን ተመኑን ማን እንደሚያወጣ አንድ መስመር እንኳ አልጻፉም።