የአፍ ካንሰርን ቀድሞ ለመለየት፦ ዘረመል ወይስ ዓይን?

አፍ ውስጥ የሚወጣና ቢፋቅ የማይለቅ ነጭ ሽፋን ሉኮፕላኪያ ይባላል። አብዛኛው ካንሰር አይሆንም፤ አንዳንዱ ግን ይሆናል። የትኛው እንደሚሆን ለመለየት ዕጢ ገቺ ዘረመሎችን (ሕዋስ ያለ ልክ እንዳይባዛ የሚይዙትን) መመርመር የዘወትር ሕክምና ይሁን? አንድ የዘረመል ተመራማሪና አንዲት የአፍ ሐኪም ይከራከራሉ።

ተመራማሪው፦ አዎን፣ ይሁን! ማይክሮስኮፕ የሚያሳየን የሕዋሱን መልክ ነው፤ ጉዳቱ ግን መልኩ ሳይበላሽ ይጀምራል። ከእነዚህ ዘረመሎች አንዱ የሚሠራው ፒ53 የተባለው ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1979 ሲገኝ ካንሰር አምጪ መስሎ ነበር፤ ገቺነቱ የታወቀው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ዲ ኤን ኤ ሲጎዳ ሕዋሱ መባዛቱን እንዲያቆም፣ ጉዳቱ ካልተጠገነም ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። ፒ16 የተባለው ሌላው ገቺ ደግሞ ሕዋሱ ያለ አግባብ እንዳይከፈል ይይዘዋል። ከእያንዳንዱ ዘረመል ሁለት ቅጂ ስላለን አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይጠብቀናል፤ አልፍሬድ ክኑድሰን በ1971 ስለ ሕፃናት የዓይን ካንሰር እንዳመለከቱት ጥፋቱ የሚመጣው ሁለቱም ሲታጡ ነው። በአፍ ካንሰር ይህ ጉድለት ቀድሞ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ የ9ኛው ክሮሞዞም (ዘረመሎችን የተሸከመ የዲ ኤን ኤ ጥቅል) አጭር ክንድ፣ ማለትም የፒ16 ዘረመል ያለበት ነው፤ የ3ኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድም እንዲሁ። በእነዚህ ስፍራዎች ጉድለት ያለበት ሽፋን ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉ ከሌለበት እጅግ ይበልጣል። ይህን ማወቅ እየተቻለ ሕመምተኛን «ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ» ብሎ መሸኘት ያሳዝነኛል።

ሐኪሟ፦ ወንድሜ፣ የዘረመሎቹን ሥራ አልክድም። ካወቅን በኋላ ግን ምን እናደርጋለን? መድኃኒት በብዛት የሚያውቀው ከልክ በላይ የሚሠራውን ማገድ ነው፤ የጠፋን መመለስ ሌላ ነገር ነው። ቻይና ጤናማ የፒ53 ዘረመል በቫይረስ ተጭኖ ለራስና አንገት ካንሰር እንዲሰጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ፈቅዳለች፤ ዘዴው ግን በዓለም አልተስፋፋም። በ2016 የታተመውን ጥናትም ያስታውሱ፦ እርስዎ በሚሉት የክሮሞዞም ጉድለት የተለዩ ሰዎች ኤርሎቲኒብ የተባለ የካንሰር ዕድገት አጋጅ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ መድኃኒቱ ካንሰሩን አልከለከለም። በአንጻሩ በሕንድ ኬረላ የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች የሰዎችን አፍ በዓይናቸው መረመሩ። በ2005 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ትምባሆ ወይም አልኮል ከሚጠቀሙት መካከል በአፍ ካንሰር የሚሞተው በ34 በመቶ ቀነሰ። ለዚህ ያስፈለገው መብራትና የሠለጠነ ዓይን ነው። እኔ ገንዘቡንም ጉልበቱንም የማውለው እዚያ ነው።

ተመራማሪው፦ እኅቴ፣ የ2016ቱ ጥናት ምስክርነቱ ለእኔ ነው። የወደቀው መድኃኒቱ እንጂ ምርመራው አይደለም፤ ጉድለቱ ያለባቸው ሰዎች ከሌለባቸው ይበልጥ በካንሰር ተይዘዋል። ማንን ቶሎ ቶሎ እንደምናይ፣ የማንን ሽፋን ቆርጠን እንደምናወጣ ይነግረናል። ይህ ትንሽ ነገር ነው?

ሐኪሟ፦ ትንሽ አይደለም፤ የማይክሮስኮፑ ውጤት አጠራጣሪ ሲሆን ምርመራው ይታከል። ለሁሉም ይደረግ ሲባል ግን እፈራለሁ። በዚያው ጥናት ጉድለት ካልተገኘባቸውም በካንሰር የተያዙ ነበሩ። የምንመረምረው ቆንጥረን የወሰድናትን ቁራጭ ብቻ ነው፤ ከጎኗ ያለው ጤናማ የሚመስል ሥጋም ለዓመታት ያንኑ የትምባሆ ጭስ ቀምሷል። «ጉድለት የለብህም» ተብሎ ከክትትል የወጣው ሰው ሲመለስ ዕጢው አንገቱ ላይ ደርሶ ቢሆን፣ ምን ብዬ ልቀበለው?