ማይልስ አበደ ወይስ እኛ ጆሮ የለንም?

በፈረንጆቹ 1972 የወጣው የአሜሪካዊው ጃዝ ጥሩምባ ነፊ የማይልስ ዴቪስ አልበም «ኦን ዘ ኮርነር» ሰው ያጣላል ሲባል እሰማ ነበር፣ እውነትም ያጣላል። አብረን ሙዚቃ የምንሰማ ሰዎች ነን፣ አንዱ ድራመር ነው፣ አንዱ ጊታሪስት፣ አንዷ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ኤዲት የምታደርግ ናት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጃዝ በሸክላ ዘመን መስማት የጀመሩ ትልቅ ሰውም አሉ፣ እኔ ምንም አልጫወትም ግን አስተያየት አላጣም። አልበሙ 54 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ሳናቋርጥ ሰማነውና ገና እንዳለቀ ጋሼ «ይሄ ጃዝ ነው?» አሉ። በቃ ተጀመረ።

የጋሼ ነገር ባጭሩ ይሄ ነው፣ እኔ ይሄን ሰውዬ የማውቀው በ1959ኙ አልበሙ በ«ካይንድ ኦፍ ብሉ» ነው፣ እዛ ላይ ትንሽ ነፍቶ ዝም ሲል ዝምታውን ራሱ ትሰማዋለህ፣ እዚህ ግን ጥሩምባውን ዋዋ ፔዳል (በእግር እየተረገጠ ድምፁን የሚያጣምም መሣሪያ) ላይ ሰክቶ አነቀው፣ ብዙ ቦታ ላይ ጭራሽ ጥሩምባ መሆኑንም አላወቅኩት አሉ። ድራመሩ አላስጨረሳቸውም፣ «ጋሼ እርስዎ እኮ ጥሩምባውን እየጠበቁ ነው፣ እዚህ ላይ ጥሩምባው አለቃ አይደለም፣ እስቲ ቤዙን ይስሙት» አለ።

ቤዙን፣ ያን ወፍራም ድምፅ ያለውን ጊታር፣ የሚጫወተው ማይክል ሄንደርሰን ነው። ከጃዝ ሰፈር የመጣ ልጅ አይደለም፣ ከስቲቪ ዎንደር ጋር ሲሰራ ነው ማይልስ የወሰደው፣ ይሄ አልበም ሲቀረፅ ገና 20 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው ትራክ አራት ስም ተደርድሮለት 20 ደቂቃ ገደማ ይነጉዳል፣ ሄንደርሰን እዛ ውስጥ አንድ አጭር መስመር ይይዝና ንቅንቅ አይልም። ድራመሩ የሚሞትለት ለዚህ ነው፣ ጊታሪስቱ ደግሞ የሚናደደው በዚሁ።

«20 ደቂቃ አንድ መስመር መደጋገም ምኑ ነው ችሎታው?» አለ ጊታሪስቱ፣ «ኮርዱ አይቀየር፣ ዜማ የለ፣ ጆን ማክላፍሊንን የሚያክል ጊታሪስት ጠርተህ ጭርጭር ብቻ ታስደርገዋለህ? ኪቦርድ ላይ ሄርቢ ሀንኮክ አለ፣ ቺክ ኮሪያ አለ፣ ድራም ላይ ጃክ ዲጆኔት አለ፣ ሁሉንም አንድ ክፍል ከተህ ማን ምን እንደተጫወተ እንኳን አይለይም።» ኤዲተሯ ሳቀችና «እንዴት ይለያል፣ መጀመሪያ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የሙዚቀኞቹ ስም አልተፃፈማ» አለች። (እኔ ይሄን በተመለከተ ምንም ጥበብ ምናምን ብላችሁ ልታሳምኑኝ አትችሉም፣ የሰው ድካም ነው፣ ስሙ መፃፍ ነበረበት።)

ከዛ የዴቭ ሊብማንን ታሪክ አመጣች። ሊብማን የመጀመሪያው ትራክ ላይ ሶፕራኖ ሳክስፎን የሚጫወተው ነው። ሐኪም ቤት እያለ ማይልስ ይፈልግሃል ተባለና ሮጦ ስቱዲዮ ገባ፣ ሲደርስ ቀረፃው እየሄደ ነው፣ ማይልስ በእጁ ና ተጫወት አለው፣ ጆሮ ማዳመጫ እንኳን አልሰጡትም። ኤሌክትሪኮቹ በሙሉ ቀጥታ ወደ መቅረጫው ስለተሰኩ ክፍሉ ውስጥ ድራምና ከበሮ ነገር ካልሆነ የሚሰማ የለም፣ ስለዚህ ሰውየው ቤዙ ምን ላይ እንዳለ ሳያውቅ ነፋ። ጊታሪስቱ ይሄን ሲሰማ ተነስቶ ሊጨፍር ምንም አልቀረው፣ «ይኸው! ሳይሰማ ነው የተጫወተው! እኔ ምን ስላችሁ ነበር!» እሷ ደግሞ ረጋ ብላ «ሶሎው ግን ተበላሸ?» አለችው። ዝም አለ። ተበላሽቷል ማለት አይችልም፣ ምክንያቱም ትራኩ ውስጥ ከሁሉም በላይ ሰውን የሚይዘው እሱ ሶሎ ነው፣ ሁላችንም ሰምተነዋል።

የእሷ ክርክር ለኔ ከሁሉም የተሻለው ነበር። እናንተ አምስት ሰው ቆሞ ሲጫወት እንደምትሰሙት ነው የምትሰሙት፣ ይሄ ግን ኤዲት የተሰራ ነገር ነው አለች። ፕሮዲውሰሩ ቴኦ ማሴሮ ነው፣ ከዛ በፊት በ1970 በወጣው «ቢችስ ብሩ» ላይም ቴፕ እየቆረጠና እየቀጠለ ነው ሙዚቃውን ያዋቀረው፣ እዚህም ስቱዲዮው ራሱ እንደ አንድ ተጫዋች ነው። «ብላክ ሳቲን»ን ስሙት አለች፣ በባዳል ሮይ ታብላ (የህንድ ከበሮ) እና በሲታር (የህንድ ባለ ክር መሣሪያ) ይጀምርና ድንገት በር እንደተከፈተ ግሩቩ፣ ያ የሚያወዛውዘው ምት፣ ይገባል፣ ከላዩ ጭብጨባ ተደርቧል፣ ቃጭል ተደርቧል፣ ይሄ በአንዴ ቆሞ የተጫወተ ባንድ አይደለም።

ጋሼ «ታዲያ ይሄን ሁሉ ምን አስለፋው፣ ወጣት ለማግኘት ብር ለማግኘት ነዋ» አሉ። እዚህ ጋር እኔም ገባሁ። ጋሼ አይቆጡኝና ብር የፈለገ ሰው ሬዲዮ የማያጫውተው የ20 ደቂቃ ነገር ያውም ያለ አዝማች አይሰራም አልኳቸው። ወጣቱን መፈለጉ እውነት ነው፣ ራሱም አልደበቀውም፣ የሚያስጨፍሩትን የፈንክ ዘፋኞች ስላይ ስቶንንና ጄምስ ብራውንን የሚሰማውን ጥቁር ወጣት ነው ያሰበው፣ ሽፋኑም በኮርኪ መኮይ የተሳለ የመንገድ ዳር ሰዎች ካርቱን ነው። ግን እዛው ላይ እንግሊዛዊው ቼሊስት ፖል ባክማስተር ያስሰማው የጀርመናዊው የሙከራ ሙዚቃ ደራሲ የሽቶክሀውዘን ሙዚቃም አለ። ጄምስ ብራውንና ሽቶክሀውዘን! በዚህ ብር ይገኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ አሳዩኝ። አልተገኘምም፣ የሸክላ ኩባንያው እንደ ጃዝ ሊሸጠው ሞከረ፣ የጃዝ ሰሚው ጠላው፣ ወጣቱ ጋ ደግሞ አልደረሰም፣ ሃያሲዎቹም አወረዱበት።

ድራመሩ ይሄን ሲሰማ የሚወዳትን ነገር አመጣት፣ ከዘመኑ የቀደመ ነው፣ በኋላ ሂፕ ሆፑም ኤሌክትሮኒኩም የኛ አባት ነው አሉት፣ በ2007 እኮ የዛን ጊዜ ቀረፃዎች በ6 ሲዲ ወጡ ምናምን። ይሄ ክርክር ሁሌም ያናድደኛል። እሺ ቀደመ፣ ታዲያ እኔ አሁን ቁጭ ብዬ ስሰማው ካልጣመኝ መቅደሙ ምን ያደርግልኛል? ጋሼም «እኔ የቀደመውን አልተከተልኩም፣ ልጄ፣ ሙዚቃ ነው የጠየቅኩህ» አሉት፣ እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ። አልገባህም ማለትም ያው ነው፣ ጋሼ ከሁላችንም በላይ ገብቷቸዋል፣ ገብቷቸው ነው የጠሉት።

እንግዲህ የኔን ልንገራችሁ። ጊታሪስቱ የሚለካው በጣት ፍጥነት ነው፣ ፊውዥን (ጃዝና ሮክ ሲደባለቅ) ሲባል እሱ ጋ ማክላፍሊን በ1971 የመሰረተው ባንድ ማሀቪሽኑ ኦርኬስትራ ነው፣ ያ ሌላ ሙያ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን እዚህ ላይ ማክላፍሊን ጊታሩን እንደ ከበሮ እንዲመታው ነው የተፈለገው፣ መታውም። የቤዙ መስመር አይቀየርም እንጂ ከላዩ ያለው ሁሉ ይቀያየራል፣ ሀይሃቱ (የድራሙ ጥንድ ጸናጽል) ይገባል ይወጣል፣ ኪቦርዱ ብቅ ብሎ ይጠፋል፣ የማይልስ ጥሩምባም ያችን ዋዋ ይዞ እንደ ምት መሳሪያ ነው የሚሰራው፣ ጋሼ አላገኘሁትም ያሉትም ዜማ ውስጥ ስለፈለጉት ይመስለኛል። የመጀመሪያው ትራክና «ብላክ ሳቲን» ድንቅ ናቸው፣ በዚህ ማንም አይመልሰኝም።

የሸክላው ሁለተኛ ፊት ግን ሌላ ነው፣ ድራመሩ ቢቆጣም እላለሁ። ያው የ«ብላክ ሳቲን» ምት ነው በ«ዋን ኤንድ ዋን» የሚመለሰው፣ ከዛ ደግሞ ያው ምት 23 ደቂቃ በላይ በሆነው በመጨረሻው ትራክ ላይ እንደገና ይመጣል። እንደዛ መሆኑ ሆን ተብሎ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ሆን ተብሎ መሆኑ ጥሩ አያደርገውም። የመጀመሪያው ፊት ላይ የሚያስፈነጥዝህ መደጋገም እዚህ ጋር ስልክህን እንድታይ ያደርግሃል፣ ሊብማንን የመሰለ የሚጎትትህ ሰው ስለሌለ ይመስለኛል። ኤዲት እንደሆነ ኤዲት ነው ካልን ማሴሮ ምላጩን እዚህ ጋር ነበር ማውጣት የነበረበት። ኤዲተሯም በዚህ ትስማማለች፣ የት ጋር እንደምትቆርጠው እንኳን ነግራኛለች፣ 11ኛው ደቂቃ አካባቢ ነው።