ውሃ የማይጠማው ጀግና

ሐውልት የሚገባው ሰው አውቃለሁ። ጦር ሜዳ አልዋለም፣ ድልድይም አልሠራም። ሙያው አንድ ነው፦ አናት በሚበሳ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ጠብታ ውሃ ሳይቀምስ መዋል። «ኧረ ትንሽ ጠጣ» ሲባል እጁን ያወናጭፋል። «እኔ እኮ ውሃ አልወድም!» ይህን ሲል ድምፁን ብትሰሙት ዶክትሬቱን የሚያስተዋውቅ ነው የሚመስለው። እኛም አናሳፍረውም። «አይ ጉልበት! ሰውዬው እኮ ግመል ነው» እንላለን። (ግመል ውሃ ሲያገኝ ባንድ ጊዜ ከ100 ሊትር በላይ እንደሚገለብጥ ለማንም አልተናገርኩም። ሙገሳው ይበላሻል።)

እኛ ተራ ሰዎች ሲሞቀን ያልበናል። ላቡ ከቆዳችን ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞልን ይሄዳል። 37 ዲግሪ አካባቢ የምንቆየው በዚህ ነው። ፀሐይ ላይ ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ሊያልበው ይችላል፤ የወጣው ደግሞ መተካት አለበት። ወዳጄ ግን ከዚህ ሒሳብ ነፃ ነው። ላቡን ከየት እንደሚያመጣው እንጃ። ምናልባት ከኩራቱ ይጨምቀው ይሆናል።

«ሲጠማኝ እጠጣለሁ» የሚል መርህ አለው። ድንቅ መርህ ነው፤ አንድ እንከን ብቻ አለበት። ጥማት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ጉሮሮ ደረቀ ሲል ሰውነት ውሃ ከጎደለው ቆይቷል። ለዚህ ነው በሙቀት የሚሠራ ሰው ጥማትን ሳይጠብቅ በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ያህል ይጠጣ የሚባለው። በልክ ነው ታዲያ፤ በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል አካባቢ ማለፍም ጥሩ አይደለም፣ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያሳሳዋል። ወዳጄ ምክሩን ሰምቶ ሳቀ። «በየ15 ደቂቃው? ሕፃን ነኝ እንዴ?» የሰዎች ምክንያት ውሃ አያነሳም ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እዚህ ግን ሰውዬው ራሱም ውሃ አያነሳም።

ጀግንነቱ የዘር ነው መሰለኝ። እናቱ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። በሙቀቱ ወራት መስኮቱን ዘግተው፣ ሹራብ ደርበው ይቀመጣሉ። «እማዬ ውሃ ላምጣልሽ?» ይላቸዋል፤ ለእናቱ እንኳ ያዝናል። «አልጠማኝም ልጄ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ዕድሜ ሲገፋ የጥማት ስሜት ይደክማል። ሰውነት እየደረቀ አፍ ምንም አይልም። የሚውጡት የደም ግፊት ኪኒን ደግሞ ሽንት የሚያስወጣ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አውሮፓን የመታው የበጋ ሙቀት ከ70 ሺህ በላይ ሰው ሲገድል፣ ከሟቾቹ አብዛኞቹ አዛውንት ነበሩ። እሱ ግን «እናቴ እንደኔ ጠንካራ ናት» እያለ ይኮራል።

አለቃውም ይወዱታል። ሽንት ቤት አይመላለስማ! ከሄደም በቀን አንዴ ነው፤ ሽንቱም እንደ ደማቅ ሻይ ጠቁሮ። ሌላው ሰው ይህን ቀለም ሲያይ ደንግጦ ብርጭቆ ይፈልጋል። ወዳጄ የትጋቱ ማኅተም አድርጎ ነው የሚያየው። እዚህ ላይ ቀልዱን ለአፍታ ላቁመው፦ መጸዳጃ ስለማያገኙ ብቻ ሆን ብለው ሳይጠጡ የሚውሉ ሹፌሮች፣ ጥበቃዎች፣ መንገድ ላይ የሚሠሩ ሴቶች አሉ። በእነሱ አልስቅም። ሽሙጤ ጎኑ ላይ ቧንቧ እየፈሰሰ ለሚኩራራው ነው።

ያ የማይረሳ ቀን ዕቃ ስናወጣ ነበር። አንድ ጓደኛችን ቤት ቀይሮ ሦስተኛ ፎቅ ሊገባ ነው። ሰዓቱን የመረጥነው በጥንቃቄ ነው፦ እኩለ ቀን፣ ጥላ የሚባል ነገር እግራችን ሥር ሲገባ። በጠዋት እንጀምር ያለ አንድ ሰው ነበር፤ ሰነፍ ተብሎ ዝም አለ። ወዳጄ ማቀዝቀዣውን ብቻውን አቀፈ። የቀረነው በየደረጃው እያረፍን ስንጠጣ፣ «እናንተ ውሃ ልታጠራቅሙ ነው ወይስ ዕቃ ልታወጡ?» እያለ ያሾፍብናል።

ለአራተኛ ጊዜ ሲወጣ ራሱን እንዳመመው ተናገረ። ለስድስተኛ ጊዜ ሲወጣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሰው በር ማንኳኳት ጀመረ። «ቁልፌን አምጡ!» ይላል። ቤቱ እኮ የሱ አይደለም! ሳቅን። አንዱ እንዲያውም ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ቀረጸው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ለካ የውሃ እጦትም ያሳስቃል።

የሚንኳኳው በር ተከፈተና ሴትዮዋ ወጡ። አንዴ አዩት፣ ግንባሩን ነኩት፣ ተቆጡ። «ይሄ ሰው አእምሮው ተምታቷል! አምቡላንስ ጥሩ!» ወደ ውስጥ ጎትተን አስገባነው። ሸሚዙን አስወለቁት፣ በባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ደፉበት፣ ፎጣ ነክረው ብብቱና አንገቱ ላይ አደረጉ፣ በካርቶን እንድናራግብ አዘዙን። እኔ ብርጭቆ ሞልቼ ወደ አፉ ሮጥኩ። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ዕድል! እሳቸው እጄን መቱኝ። «ራሱን ላላወቀ ሰው ውሃ አይሰጥም፣ ትን ይለዋል።»

ሐኪም ቤት ሲደርስ ሙቀቱ ገና 40 ዲግሪ ነበር። እዚያ ደርሶ መምታታት ሲጨመርበት ድካም አይባልም፤ አንጎልን፣ ልብንና ኩላሊትን የሚያበላሽ፣ በደቂቃዎች የሚቆጠር አደጋ ነው። ዳነ፤ ባልዲውና ሴትዮዋ ናቸው ያዳኑት። በሦስተኛው ቀን ልንጠይቀው ሄድን። ክንዱ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቶለታል። የመጀመሪያ ንግግሩ፦ «ቁርስ ስላልበላሁ ነው እኮ!»

አሁን ተለውጧል፤ ላማው አልፈልግም። ትልቅ የውሃ ጠርሙስ ገዝቷል፣ የትም ይዞት ይሄዳል። ጠዋት ሞልቶት ይወጣል፣ ማታ እንደሞላ ይዞት ይገባል። ክንዱ ግን በጣም ጠንክሯል።