ይድረስ ለክቡር «ፋይሉ አልተገኘም»

ጉዳዩ፦ የጠፋ ማሲንቆ ስለማፈላለግ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከማሲንቆው ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ።

ክቡርነትዎን ያወቅሁዎት በሙያዬ ምክንያት ነው፤ የሙዚቃ አቀናባሪ ነኝ። ሌሊት ቤቴ ኮምፒውተር ላይ የሠራሁትን በሃርድ ዲስክ ይዤ ጠዋት ስቱዲዮ ስከፍተው፣ ከሰው ሁሉ ቀድመው ስክሪኑ መሀል ጉብ ይላሉ። «ዲ ድራይቭ ውስጥ፣ “አዲስ ዘፈን” የሚለው ፎልደር ውስጥ ፈልጌ አጣሁት» ይሉኛል። እውነትዎን ነው፣ እዚያ የለም። የስቱዲዮው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩን ኤፍ ብሎ ሰይሞታል። የፎልደሩ ስም ያው፣ የፋይሉ ስም ያው፣ የተለወጠች አንዲት ፊደል ናት። የቀበሌ ሠራተኛ እንኳ ቢያንስ «እኔ ጋ አይደለም፣ አምስት ቁጥር ሂድ» ይላል። እርስዎ ግን ዞር ብሎ ማየቱ ከማዕረግዎ በታች ሆኖብዎት «ፈልግ» እና «እለፍ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ደቅነው ይጠብቃሉ። ፈላጊው እኔ ከሆንኩ እርስዎ ምን ይሠራሉ?

ብዙ ሰው የማያውቀውን ልናገርና፣ የፕሮጀክት ፋይል የሚባለው ነገር ዘፈኑን አልያዘም። ድምፁ የት እንደተቀመጠ፣ የት እንደተቆረጠ፣ ቮልዩሙ ስንት እንደሆነ ብቻ ነው የሚያውቀው። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ የተቀዳ አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ ወደ 8.6 ሜጋባይት ይወስዳል፤ 40 ትራክ ያለው የአምስት ደቂቃ ዘፈን 1.7 ጊጋባይት ገደማ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዋሽንግተን ያለ ድምፃዊ «ዘፈኑ በቴሌግራም በአንድ ሰከንድ ገባልኝ፣ ተባረክ!» ሲል እኔ ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ። እሱ ጋ ለመድረስ ቪዛ እንኳ አያስፈልግዎትም።

እርስዎስ ይሁን። የሚብሰው ታናሽ ወንድምዎ «ፕለጊኑ አልተገኘም» ነው። ፕለጊን ማለት በሙዚቃ ሶፍትዌሩ ላይ የሚቀጠል፣ የመሣሪያ ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ቤቴ ያለው የማሲንቆ ድምፅ ፈቃዱ ከአንድ ማሽን ጋር የታሰረ ነው። ለሁለተኛው ለመግዛት ዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ እሱን ያገኘ ሰው ደግሞ ሙዚቃ ከመሥራት የተሻለ ሥራ አያጣም። ፕለጊኑ ሲጠፋ የሚቀረው ሚዲው ነው። ሚዲ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትኛው ኖታ፣ በምን ጉልበት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተነካ ሲናገር ኖሯል፤ ድምፅ ግን ተሸክሞ አያውቅም። የስቱዲዮው ልጅ ዝም ከሚል ብሎ ፒያኖ ሰጠው።

አንጋፋው ድምፃዊ ሄድፎን አጥልቀው መስታወቱ ውስጥ ቆመዋል። አንድ ሐረግ ሰሙና እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ማሲንቆው የት ሄደ?»

«ቤት ቀርቷል፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ደውሉለት እንጂ! የታክሲውን እኔ እከፍላለሁ።»

ስቱዲዮው የሚከፈለው በሰዓት ነው። ማን ያስረዳ?

ሌላው ዘመድዎ ሳምፕል ሬት፣ ማለትም ድምፁ ሲቀዳ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚናገረው ቁጥር ነው፤ እሱስ መስኮት ከፍቶ ሰላም እንኳ አይልም። በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀዳ ድምፅ ሳይለወጥ 48 ላይ ከተጫወተ በ9 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፣ ቃናውም አንድ ሰሚቶን ተኩል ያህል ሽቅብ ይወጣል። ያለፈው ሳምንት ቅጂያቸው እንዲህ ሆኖ ሲሰማ ጋሼ በጎልማሳነታቸው ድምፅ ማዜም ጀመሩ። ፊታቸው በራ። «በቃ፣ ይኼው ይሁን፣ እንዳትነካው» አሉ። እስካሁን እየተከራከርን ነው።

አንዳንዱ ሶፍትዌር የፋይል ሜኑው ውስጥ «ሁሉንም ሰብስበህ አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ እንዳለው ክቡርነትዎ ያውቃሉ። አንድም ቀን ግን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። እሱም ቢሆን የተቀዳውን ድምፅ እንጂ ፕለጊኑን አይሰበስብም። ስለዚህ እኛ እያንዳንዱን ትራክ ከዜሮ ሰከንድ አስጀምረን ዌቭ፣ ማለትም ተራ የድምፅ ፋይል እያደረግን እናወጣለን፣ የዘፈኑን ፍጥነት ፋይሉ ስም ላይ እንጽፋለን። የትም ማሽን ላይ ይከፈታል። ሪቨርቡ (ማስተጋባቱ) በዛ ቢባል ግን መቀነስ የለም፣ አብሮ ታትሟል። ድሮ የቴፕ ጥቅልል በብብት ይዞ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ የሚዞረው ሰውዬም እንዲሁ ነበር የሚሠራው፤ እሱ ግን «ቴፑ አልተገኘም» የሚለው ቴፑ በእውነት ሲጠፋ ብቻ ነበር።

ስለሆነም ክቡርነትዎ ወደፊት ብቅ ከማለትዎ በፊት ቢያንስ ጎረቤት ድራይቭ ላይ አንኳኩተው እንዲመጡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለ«ፕለጊኑ አልተገኘም»
ለሳምፕል ሬት፣ በዝምታ ላሉበት
ለስቱዲዮው ባለቤት፣ ስንፈልግ የዋልንበት ከሂሳቡ እንዲቀነስልን