ማስተካከያ፦ ስለ ደራርቱ ቱሉ የጻፍኩት
የአፍሪካ ሴቶችን ስኬት ስለሚዘክሩ የሽልማት ምሽቶች በጻፍኩት ጽሑፍ ላይ፣ ደራርቱ ቱሉን «የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት» ብያታለሁ። ተሳስቻለሁ፤ አንባቢዎችን ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ፣ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ከእሷ በፊት ሞሮኳዊቷ ናዋል ኤል ሙተወከል በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ በ400 ሜትር መሰናክል ወርቅ ወስዳለች። ውድድሩ ለሴቶች በኦሎምፒክ ሲካሄድ የመጀመሪያው ነበር። ወደ ኋላ ስንሄድ ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤስተር ብራንድ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ በከፍታ ዝላይ አሸንፋለች።

«ጥቁር» የምትለዋን ቃል መዝለሌ ትንሽ ስህተት አይደለም። ኤስተር በዘለለችበት ዘመን አንዲት ጥቁር ደቡብ አፍሪካዊት ለአገሯ መሰለፍ አትችልም ነበር። ናዋልንም ያለ አግባብ ከታሪኩ አውጥቻታለሁ።

የቀረው እንዳለ ነው። ደራርቱ መስመሩን አልፋ ቆማ ጠበቀች። ሁለተኛ የወጣችው ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤለና ማየር ስትደርስ ተቃቀፉ። ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ።