ይድረስ ለክቡር መልተሚ

ለክቡር መልተሚ
የኤጂያን ባሕር የበጋ ነፋስ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የመርከብ ጉዞንና አንዲት ነጠላን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ማመልከቻ የምጽፈው በግሪኳ ደሴት ቲኖስ፣ ወደቡ ላይ ካለ ቡና ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ነው። ወረቀቱን በውኃ ጠርሙስ፣ በስኳር ዕቃና በግራ ክንዴ ተጭኜ ስለያዝኩት የእጅ ጽሑፌ ቢጣመም በማን ምክንያት እንደሆነ እርስዎም አያጡትም።

አቴንስ ስኖር ዓመታት ቢቆጠሩም መርከቦቹን ወደ ደሴቶቹ የሚወስዳቸው ሞተር ይመስለኝ ነበር። ለካስ ኩባንያዎቹ የሚለጥፉት የመነሻ ሰዓት ለእርስዎ የሚቀርብ ልመና ኖሯል፤ የሚያጸድቁትም የሚሽሩትም እርስዎ ነዎት። ሹመትዎም የትናንት አይደለም። የጥንት ግሪኮች በየዓመቱ ቀጠሮ አክብረው ስለሚመጡ «ኤቴሲያይ»፣ ማለትም ዓመታዊዎቹ፣ ይሉዎት ነበር። የአቴንሱ ተናጋሪ ዴሞስቴንስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ የመቄዶንያው ንጉሥ ፊሊጶስ የአቴንስ መርከቦች ወደ ሰሜን መድረስ የማይችሉበትን የእርስዎን ወቅት እየጠበቀ እንደሚዘምት ለወገኖቹ ተናግሯል። እኔ ግን ማንንም ልወጋ አልተነሳሁም። የያዝኩት አንድ ሻንጣ፣ አንዲት ነጠላና አቴንስ አጠገብ ካለው ከራፊና ወደብ ወደ ቲኖስ የሚሄድ የፈጣን መርከብ ትኬት ብቻ ነበር።

ግሪኮች የእመቤታችንን በዓል የሚያከብሩት ኦገስት 15 ሲሆን፣ ይህም በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 9 ላይ ይውላል። እኛ ፍልሰታን የምንፈታው ከዚያ አንድ ሳምንት ቆይተን ስለሆነ፣ በጾሜ መካከል ቲኖስ ያለውን የእመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ልመለስ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ራፊና ስደርስ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል አንዲት የደመና ቁራጭ አልነበረበትም። አንድን ደገኛ የሚያታልለውም ይኸው ነው፤ እኛ አገር መጥፎ አየር ሲመጣ ቢያንስ ይጠቁራል፣ ያጉረመርማል፣ ልብስ ለማስገቢያ ጊዜ ይሰጣል። ትኬቷን የምትሸጠውን ልጅ «መርከቡ አለ ወይ?» ብዬ ብጠይቃት ቅንድቧን ወደ ላይ አነሳችልኝ። እኛ ዘንድ ቅንድብ ማንሳት «አዎን» ማለት ስለሆነ አመስግኜ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወደ መሳፈሪያው ሄድኩ። እዚህ «የለም» ማለት መሆኑን ያስታወስኩት ባዶውን ባሕር ሩብ ሰዓት ያህል ካየሁ በኋላ ነው። በዙሪያዬ ያሉት ሁሉ የሚደጋግሙት ቃል አንድ ነበር፦ «አፓጎረፍቲኮ»፣ የመርከብ እገዳ። በእርስዎ ምክንያት በነፋስ ብርታት መለኪያው 8 ቦፎርት፣ በሰዓት ከ62 እስከ 74 ኪሎ ሜትር፣ ተመዝግቦ ነበርና።

ባለሙያዎች እንደሚሉት፣ በባልካን ላይ የአየር ግፊት ከፍ፣ በአናቶሊያ ላይ ደግሞ በሙቀቱ የተነሳ ዝቅ ሲል፣ እርስዎ በሁለቱ መካከል ይላካሉ። መልካም። ነገር ግን በሁለት ጎረቤቶች ጉዳይ የተላከ ሰው የሦስተኛውን ቤት ጣራ ገንጥሎ ሲሄድ የት ታይቷል?

እገዳውን ራሱን አልሟገትም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2000 «ኤክስፕረስ ሳሚና» የተባለው መርከብ ፓሮስ አጠገብ ከዐለት ተጋጭቶ ሲሰጥም ከ80 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ በዚያም ምሽት ብርቱ ነፋስ ነበር። የወደቡ ሹም «አይሄድም» ካለ አይሄድም። ቅሬታዬ፣ ሁሉም ሰው ተጠያቂ ሲሆን እርስዎ ብቻ የማይጠየቁ መሆንዎ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የባሕር ተጓዦች መብት ደንብ፣ ቁጥር 1177/2010፣ ጉዞ ሲሰረዝ ተሳፋሪው ገንዘቡን ወይም ሌላ ጉዞ እንዲመርጥ ያዝዛል፤ ምክንያቱ አደገኛ የአየር ጠባይ ከሆነ ግን ካሳ የለም። እንዲህ ያለ የጥፋት ነፃነት ያለው ባለሥልጣን አላውቅም፤ ባውቅም ስሙን በደብዳቤ አልጽፍም።

በማግስቱ ትንሽ ስለራሩልን፣ ከፈጣኖቹ ይልቅ ነፋስ የሚችለው ትልቁና ዝግተኛው መርከብ ተለቀቀ። በኤቪያና በአንድሮስ መካከል ካለው ከካፊሬያስ መተላለፊያ ስንደርስ ምሕረትዎ አለቀ። ባሕረኛው የወረቀት ከረጢት እያደለ በመካከላችን ሲያልፍ ጠበል የሚረጭ ዲያቆን ይመስል ነበር። አጠገቤ የነበሩት እናት በእያንዳንዱ ማዕበል ያማትባሉ፤ እኔም በአማርኛ አግዛቸዋለሁ። አንድ ፍሬዶ ኤስፕሬሶ፣ የግሪኮቹ ቀዝቃዛ ቡና፣ ከባለቤቱ እጅ አመለጠና ረጅሙን ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር ተንሸራቶ በመጨረሻው ወንበር ከነበሩት ቄስ ፊት ቆመ። ቄሱ ግራና ቀኝ አይተው፣ ባለቤቱ ከረጢቱ ውስጥ እንዳቀረቀረ አረጋገጡና ጠጡት።

ቲኖስ ላይ የመርከቡ የኋላ በር በሰንሰለቱ እየተንኳኳ ሲወርድ፣ ከጭነት መኪናዎቹ ጋር እየተጋፋን ወጣን። ያን ጊዜ ነው ነጠላዬን የወሰዱት። ሁለት ጊዜ ከራሴ በላይ ዞረች፤ ከዚያ በባሕሩ ላይ ወደ ደቡብ፣ ያለ ትኬትና ያለ እገዳ፣ ከእኔ በተሻለ ፍጥነት ሄደች። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ዳገቱን በጉልበታቸው የሚወጡትን ተሳላሚዎች ሳይ ግን ለካስ እርስዎን የሚረታ ዘዴ አለ አልኩ፤ መሬት ይዞ ለሚሄድ ሰው ምንም ማድረግ አልቻሉም።

ውለታዎን አልክድም። የሚኮኖስን ወፍጮዎች ስንት ዘመን አዙረዋል፤ አቴንስ በሙቀት ስትቀቀል ደሴቶቹን የሚያበርዱልን እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ይቅሩ አልልም። የምጠይቀው፣ ሌሊት አብዛኛውን ጊዜ እንደሚያደርጉት ቀንም ጥቂት ጋብ እንዲሉልኝ ነው፤ ለአራት ሰዓት ብቻ፣ ራፊና እስክደርስ። መመለሻዬ ትናንት ነበር። አሁንም የትኬት ቢሮዋን ሴትዮ ብጠይቃቸው ቅንድባቸውን አነሱ፤ ዛሬስ ገባኝ።

መልስዎን በጽሑፍ እጠባበቃለሁ፤ እንደ ትናንት ሌሊቱ የሆቴሉን መስኮት በመደብደብ እንዳይሆን በትሕትና አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ ተሳፋሪ፣ ከተፈቀደለት

ግልባጭ፦
ለቲኖስ ቡና ቤት፣ የስኳር ዕቃውን ስለ መመለስ
ከቲኖስ በስተደቡብ ለምትገኘው ነጠላዬ